አታብረቅርቁት፤ አስነሱት

አሮጌ የአሻንጉሊት እንፋሎት ሞተር የሚያድሱ ሰዎች የሚያሳዩት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በአንድ በኩል የጠቆረ፣ የዛገ፣ ቀለሙ የተላላጠ ሞተር አለ። በሌላ በኩል ያው ሞተር ናሱ ተወልውሎ፣ ቀለሙ ተለቅልቆ፣ ዓይን እስኪወጋ ያብለጨልጫል። ያየው ሁሉ እጅህ ይባረክ ይላል። እኔ ግን ክፉ ልማድ ሆኖብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ "ገና አላስነሳሁትም" ነው።

የኔ ጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች የተሠሩት እንዲሠሩ ነው። ውሃ ይገባባቸዋል፣ እሳት ይነድባቸዋል፣ ያፏጫሉ፣ ዘይት ይተፋሉ፣ ጠረጴዛ ያበላሻሉ። መቶ ዓመት ያለፈው ሞተር ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ጠቁሮም ቢሆን ቢሽከረከር ይሻለኛል። ስለዚህ እኔ ማደስ ስል ማስነሳት ማለቴ ነው፤ ለማስነሳት ከሚያስፈልገው በላይ ደግሞ ባትነኩት ደስ ይለኛል።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ትንሽ የናስ ቦይለር አለ። ከሥሩ ማንደጃ አለ። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በቀጭን ቧንቧ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል፣ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ቮላኖውን፣ ማለትም ከባዱን መሽከርከሪያ ጎማ፣ ያዞራል። ባትሪ የለውም፣ የሚጠመዘዝ ሞላ የለውም። ትልልቆቹ የፋብሪካ ሞተሮች የሚሠሩበት ሕግ እዚህም ራሱ ነው፣ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት ወደ 1,600 ሊትር የሚሆን እንፋሎት ይወጣዋል። ያ ሁሉ መስፋፋት ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲታፈን ነው ጉልበት የሚሆነው፤ ቸልተኛን የሚጎዳውም ያው ጉልበት ነው።

የሥራው ዋና ከተማ የጀርመኗ ኑረምበርግ ነበረች። ቢንግ፣ ኤርንስት ፕላንክ፣ ካሬት፣ ዶል የሚባሉት ሠሪዎች ሁሉ የዚያች ከተማ ናቸው። ማርክሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 እዚያው ጀርመን፣ ጎፒንገን ላይ ተመሠረተ። ቢንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዓለም ትልቁ የአሻንጉሊት ድርጅት ነበር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ፈረሰ። እንግሊዞች ከዚያ በፊትም ከናስ የተሠሩ ትንንሽ ባቡሮች ነበሯቸው። ወለል ላይ ሲሄዱ ከኋላቸው የውሃና የዘይት ጠብታ ስለሚያንጠባጥቡ ሰው "ለሃጫም" የሚል ዓይነት የቀልድ ስም አወጣላቸው። ባለቤቶቹ ምንጣፋቸውን እያዩ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያቅትም። አሜሪካ ውስጥ ዊደን የተባለው የኒው ቤድፎርድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1884 የመጀመሪያ ሞተሩን ያወጣው ለአንድ የልጆች መጽሔት ሽልማት እንዲሆን ነው፤ ልጁ አዲስ ደንበኛ ካመጣ ሞተር ያገኛል። ማሞድ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ጀመረ። ቪልስኮ በ1912 በጀርመኗ ሉደንሻይድ ተቋቁሞ የእንፋሎት ሞተር መሥራት የጀመረው በ1950 ነው። እሱ እስከ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ስለዚህ አሮጌ አጥታችሁ አዲስ ብትጀምሩ ማንም አይንቃችሁም።

የሠሪው ምልክት ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በደንብ ፈልጉ። ቦይለሩ ጫፍ ላይ፣ ጭስ መውጫው ሥር፣ ወይም መቀመጫው ላይ ይሆናል። ቢንግ መጀመሪያ "ጂ.ቢ.ኤን" የሚል ነበር፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ "ቢ.ደብሊው" ሆነ። ስለዚህ ምልክቱ ራሱ ዘመኑን በግምት ይነግራችኋል። ምልክቱን በመወልወያ ፈግፍጎ ያጠፋ ሰው አይቻለሁ። ምን ልበለው?

አሁን ሞተሩ እጃችሁ ገባ እንበል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያምረው ምንድን ነው? ውሃ ሞልቶ መለኮስ! እባካችሁ አታድርጉት። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከየአቅጣጫው፣ እያንዳንዱን ቡሎንና ሮንዴላ ሳይቀር። ከዚያ በእጃችሁ ቮላኖውን ቀስ አድርጋችሁ ለማዞር ሞክሩ። ካልዞረ አታስገድዱት። ውስጡ ያለው አሮጌ ዘይት ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነው፣ ዝገት ላይሆን ይችላል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ለነገ ተዉት። ነገም እምቢ ካለ ለከነገ ወዲያ ተዉት። መቶ ዓመት የጠበቀ ሞተር አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምን ይሆናል? በካቻቢቴ የሚፈለቅቅ ሰው ግን የናሱን ቡሎን ራስ ይበላዋል። ያን ቡሎን ደግሞ ከየትም አታገኙትም፤ የዚያ ዘመን ጥርስ የዛሬውን አይመስልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ ላስገባ፣ ምክንያቱም ማንም አያወራውም። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የማንደጃው ክር፣ የፒስተን ዘንጉ መጠቅለያ ወይም ቦይለሩ ላይ የተለበጠው ነገር አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ግራጫ ወይም ነጭ፣ ጭረት ጭረት የሚል ነገር ካያችሁ በደረቁ አትጎርጉሩት፣ በአየር አትንፉት። ቀለሙም በእርሳስ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ልጅ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል።

የነገሩ ሁሉ ልብ ቦይለሩ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው እሱ ላይ ነው። ብዙዎቹ የናስ ቱቦ ናቸው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ክዳን ተደርጎ በሊድ የተበየደ። አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ከቆርቆሮና ከእርሳስ የሚሠራው ሊድ 183 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከተራው አየር በላይ 1.5 ባር ግፊት ያለው ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 127 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ከሥር የፈለገው እሳት ቢነድ ናሱ ከውሃው ሙቀት ብዙ አይርቅም፣ ውሃው ሙቀቱን እየነጠቀ ያበርደዋል። ውሃው ካለቀ ግን የሚያበርደው የለም፤ ሙቀቱ ወዲያው ይተኮሳል፣ ሊዱ ይቀልጣል፣ ክዳኑ ይላቀቃል። የአሮጌ ቦይለሮች ሞት አብዛኛው ይኸው ነው። አሮጌ ሞተር ስትገዙ ክዳኑ ዙሪያ የሊድ ጠብታ ወይም ናሱ ላይ ወጣ ገባ የሆነ ቀለም ካያችሁ፣ አንዱ ባለቤት ድሮ ውሃ አስጨርሶታል ማለት ነው። በብር የተበየዱት ይሻላሉ፣ የሚቀልጡት ከ600 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቢሆንም ያለ ውሃ ማንደድ እነሱንም አይጠቅማቸውም።

ውስጡ ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ከጋገረ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ ወይም አቼቶ ያነሳዋል። ግን አጠገቡ ቁሙ። አሲድ ውስጥ የቆየ ናስ ዚንኩ እየተበላ መዳቡ ብቻ ይቀራል፣ መልኩም ወደ ሮዝ ይሄዳል። ሮዝ ማለት ናሱ ደከመ ማለት ነው። አረፋ መውጣቱ ሲያቆም አፍሱት፣ ደጋግማችሁ አጥቡት፣ በቃ።

ከዚያ ፈተናው። ቦይለሩን በአየር የሚፈትን ሰው አለ። አትሞክሩት! የታመቀ አየር ቦይለሩ ቢፈነዳ ፍንጣሪ ይበትናል። ውሃ ግን አይታመቅም፤ አንድ ቦታ ቢቀደድ ግፊቱ ወዲያው ይወድቅና ጭር ብሎ ያበቃል። ስለዚህ ቦይለሩን አንድም የአየር አረፋ ሳይቀር በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉት። የደህንነት ቫልቩን፣ ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚያስተነፍሰውን፣ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። የግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ቀስ እያላችሁ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ አድርሱት። ከዚያ ተቀመጡና ተመልከቱ። መርፌው ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦይለሩ ካበጠ ወይም ቅርጹ ከተቀየረ ወሬው አልቋል፣ ለጌጥ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ብቻ መደርደሪያ እፈቅዳለሁ።

የደህንነት ቫልቩን በተመለከተ ግን ክርክር የለኝም። ውስጡ ያለውን፣ ሰማንያ ዓመት የተቀመጠ ሞላ አላምንም። ተመሳሳይ ጥርስ ያለው አዲስ ቫልቭ ግዙለት፣ የድሮውን በትንሽ ከረጢት ከነስሙ አስቀምጡት። ቀን ሲያልፍ ሞተሩን የሚወርሰው ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ይህ ለሁሉም ነገር ይሠራል፦ የምታወጡትን አትጣሉ፣ የምትጨምሩት ነገር መልሶ የሚወጣ ይሁን። የድሮ ቀዳዳን በአዲስ ጥርስ ማስፋት ግን መመለሻ የለውም።

ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ርካሾቹ ሞተሮች ላይ ያለው የሚወዛወዝ ሲሊንደር ነው። ውድ ሞተሮች እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣ የሚንሸራተት ቫልቭ አላቸው፣ ራሱን የቻለ ዘንግና ማዞሪያ ይፈልጋል። ርካሹ ግን ምንም የለውም። ሲሊንደሩ ራሱ ፒን ላይ ተንጠልጥሎ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ጎኑ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። የሚደገፍበት ቋሚ ብረት ላይ ደግሞ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ አንዱ ከቦይለር እንፋሎት ያመጣል፣ ሌላው ወደ ውጭ ያወጣል። ክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኑን ከቮላኖው ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ሲዞር ሲሊንደሩ ወደ አንዱ ጎን ያጋድልና ቀዳዳው ከሚያስገባው ጋር ይገጥማል፣ ፒስተኑ ይገፋል። ወደ ሌላው ሲያጋድል ከሚያስወጣው ጋር ይገጥማል፣ የሠራው እንፋሎት ይወጣል። ይኸው ነው! ቫልቭ የለ፣ ምን የለ። ማስገቢያና ማስወጫው ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ያሰበው ሰው እንዴት ያለ ጭንቅላት ነበረው እያልኩ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

ቀላልነቱ ግን ዋጋ አለው። ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ገጽ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል። "ሞተሬ ያፏጫል ግን አይዞርም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ሲሊንደሩን ከገጹ ጋር የሚያጣብቀውን ሞላ ማጥበቅ አያድነውም፣ ብዙ ከጠበቀ እንዲያውም ሰበቃው ሞተሩን ያቆመዋል። መድኃኒቱ ወፍራም መስተዋት ላይ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ገጹን ሳይጫኑ እንደ ስምንት ቁጥር እያዞሩ መፈተግ ነው። ትንሽ ፈትጉና እዩ። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን አቁሙ። ከዚያ ዱቄቱ ቅንጣት ሳይቀር እጠቡት፣ አለዚያ ሲሽከረከር ራሱን እየፈተገ ይጨርሳል። የሞላውን ጥበቃ በተመለከተ ደግሞ፣ ሲሊንደሩ በጣት ሲገፋ ከገጹ ብድግ ብሎ የሚመለስበት ልክ ጥሩ ነው። ሞላው ሌላም ሥራ አለው፤ ግፊቱ ከልክ ካለፈ ወይም ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ከታሰረ ሲሊንደሩ ከገጹ ብድግ ብሎ ያስተነፍሰዋል።

ዘይቱ ላይ ሰው ብዙ ይስታል። ተራ የመኪና ዘይት ለእንፋሎት አይሆንም፤ ይቀጥናል፣ ከውሃ ጋር ይደባለቅና እንደ ወተት ይሆናል። ለእንፋሎት ሲሊንደር የሚሠራ ወፍራም ዘይት አለ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይንዠረገጋል። አንዳንድ ሞተሮች ቧንቧው ላይ ትንሽ የዘይት ማጠራቀሚያ አላቸው። አሠራሩ ያምራል፦ እንፋሎቱ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ዘይቱም እየሞላ ወደ ቧንቧው ይገባል። የሚንቀሳቀስ አንድም ነገር የለውም። ማጠራቀሚያ የሌለው ሞተር ግን በየጊዜው ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ማጠጣት ነው።

ቀለሙንና ናሱን እንዴት እናድርግ የምትሉ ታውቃላችሁ አይደል መልሴን። ለብ ባለ ውሃ ለስላሳ ሳሙና፣ ጥጥ፣ በማይታይ ቦታ መጀመሪያ ሙከራ። ከዚያ ስስ ሰም። አንዳንድ የጀርመን ቦይለሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ራሳቸው ሰማያዊ ወይም ጥቁር ተደርገው ነው። ቆሻሻ መስሎት ወልውሎ ናስ ያደረገ ሰው ሞተሩን አላጸዳም፣ ልጦታል እንጂ። ኒኬል የተቀባም እንደዚሁ ነው። ቀለሙ ጨርሶ ያለቀ ከሆነና ብረቱ እየዛገ ከሆነ ቀቡት፣ አልከለክልም፤ ግን ቀለሙ አሁንም እየታየ "እኩል እንዲሆን" ብሎ ሁሉን መቀባት አይገባኝም። የልጅ እጅ ያበላሸው ጠርዝ የሞተሩ ታሪክ ነው።

የማስነሻው ቀን እንዲህ ነው። ውሃው ለስላሳ ይሁን፣ የተጣራ ወይም የዝናብ። ሦስት አራተኛ ሙሉት፤ ጢም ካለ ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይሻገራል። የሞቀ ውሃ ብታደርጉ ነዳጅ ትቆጥባላችሁ። የድሮዎቹ ማንደጃዎች በአልኮል ነው የሚነዱት፣ ክር አላቸው። የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጠፍቷል ብላችሁ እየነደደ ያለ ማንደጃ ላይ አልኮል እንዳትጨምሩ። ይህን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። በኋላ የመጡት በጠጣር ነዳጅ ኪኒን ይሠራሉ። እሱ አይፈስም፣ ጥሩ ነው፤ ግን ጭሱ አፍንጫ ይቆርጣል፣ መስኮት ክፈቱ። ጥቀርሻውም ከቀረ ብረት ይበላልና ከጨረሳችሁ በኋላ ጥረጉት።

እሳቱ ከተነሳ በኋላ ትንሽ ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ ቦይለሩ መንጫጫት ይጀምራል። ቀጥሎ ፊሽካው አካባቢ ጠብ ጠብ። ወዲያው ቮላኖውን አትልቀቁት፤ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ የገባ እንፋሎት ውሃ ይሆናል። በእጃችሁ ጥቂት ዙር አዙሩት፣ ትኩስ ውሃና ጥቁር ዘይት ይተፋል፣ ፊታችሁን አርቁ። ሲሊንደሩ ከሞቀ በኋላ አንዴ ጣታችሁን ያመልጣችሁና ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው አዋቂ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ የሚስቀው። ፑሌጃው ላይ ቀጭን ቺንጋ አድርጋችሁ መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሞረጃ ድንጋይ የመሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ማሠራት ትችላላችሁ፤ የድሮዎቹ ሠሪዎች ሙሉ ወርክሾፕ ይሸጡ ነበር። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተብለው የሚሽከረከሩት ሁለቱ ኳሶች ግን ብዙዎቹ ለጌጥ ናቸው፣ ምንም አይቆጣጠሩም። እኔ እወዳቸዋለሁ።

የደህንነት ቫልቩ በመጀመሪያው ማስነሻ ላይ በትክክል መተንፈሱን ሳታዩ አትለፉ። ውሃው ሳያልቅ ደግሞ እሳቱ ይጥፋ፤ ስለዚህ ነዳጁን ከውሃው አሳንሱ። ግፊቱ ጨርሶ ከወረደ በኋላ የውሃ መሙያውን ክፈቱት። ተዘግቶ ከቀዘቀዘ ውስጡ ባዶ ይሆንና የሲሊንደሩን ዘይት ወደ ቦይለሩ ይስበዋል፣ ያን ማጽዳት ደግሞ ያሰለቻል። ገና ለብ እያለ አፍስሱት፣ በቀረው ሙቀት ራሱ ይደርቃል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቁመት ያለው ትንሽ ሞተር ነው፣ ሠሪውን አላወቅኩትም። ቦይለሩ ፈተናውን አልፏል፣ ገጹም ተፈትጓል። ችግሩ ቮላኖው ነው። ከዚንክ ቅልቅል የተጣለ ነው፤ የዚያ ዘመን ዚንክ እርሳስ ከተደባለቀበት ከውስጥ እያበጠ ይሰነጣጠቃል፣ ማንም ሊያድነው አይችልም። ሙጫ አይይዘውም፣ ብየዳም አይሆነውም፣ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ደግሞ ቁራጩ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ የራሱን ቅርጽ ወስጄ በናስ ላስጥለው ወስኛለሁ፤ ናሱ ግን ከዚንኩ ስለሚከብድ ክብደቱ እኩል እንዲሆን ውስጡን መፋቅ ይኖርብኛል። የተሰነጠቀው ደግሞ ከቫልቩ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ይገባል።